ምዕራፍ ሰባት፦ በቆላ የተሰጠ ሽንት

አዋሽ ሰባትን አልፎ ወደ ሐረርጌ የሚዘልቅ መንገደኛ ጭሮ ከመድረሱ በፊት ቦርደዴን፣ አሰቦትንና ሚኤሶን ያያል። ሦስቱም ቆላ ናቸው። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣና የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ ሲደረስ አየሩ ይቀዘቅዛል። በዚህ አጭር ጉዞ የአንድ ጤነኛ ሰው ሽንት ሊለወጥ ይችላል። ቦርደዴ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጫኝና አውራጅ ሽንቱ ጥቂት፣ የተመጠጠና ጠቆር ያለ ነው። ያው ሰው ጭሮ አድሮ፣ ውሃ እንደልቡ ጠጥቶ ቢሰጥ ቀጭንና ፈዘዝ ያለ ይሆናል። ኩላሊቱ አልተለወጠም፤ በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን ሊለያይ ይችላል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ሽንቱ ከማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ሁኔታ ተወሰደ? ከተወሰደ በኋላ ምን ያህል ቆየ? ሰውየው ምን ይሰማዋል? እነዚህ ሳይታወቁ ወረቀቱን ብቻ ይዞ መድኃኒት ማዘዝ ሕመምተኛውን ይጎዳል። በአገራችን ደግሞ ይህ በየዕለቱ የሚደረግ ነው። ወገቡን ያመመው ሰው ይመጣል፤ «ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ» ይታዘዝለታል፤ ወረቀቱ «ፐስ ሴል 6–8» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይመለሳል፤ ሰውየውም «ኩላሊትህን ኢንፌክሽን ነክቶታል» ተብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል። ወገቡን ያሳመመው ሸክም ሊሆን ይችላል። የመግል ሴሎቹ ከየት እንደመጡም የጠየቀ የለም።

መጀመሪያ ስለ ውሃ እናውራ። በወረቀቱ ላይ «ስፔሲፊክ ግራቪቲ» የሚባል ቁጥር አለ። ብዙ ሰው አያየውም፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው እላለሁ። ሽንቱ ከንጹሕ ውሃ አንጻር ምን ያህል እንደከበደ የሚነግር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ1.005 እስከ 1.030 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በቦርደዴ ሙቀት የዋለ ሰው 1.025 ወይም 1.030 ቢያሳይ ኩላሊቱ ሥራውን በሚገባ እየሠራ፣ ያለችውን ውሃ ለሰውነት እያስቀረ ነው። ውሃ የጎደለው ሰው ሽንት በተቃራኒው ቀጥኖ ቢገኝ ነው የሚያሳስበው።

ይህ ቁጥር ሌሎቹን ሁሉ ይገዛል። የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ የሚለካው በቀን ምን ያህል ፕሮቲን እንደወጣ ሳይሆን በአንድ ዴሲሊትር ሽንት ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ነው። በአንድ ማንኪያ ቡና ሁለት ሲኒም አራት ሲኒም ማፍላት ይቻላል፤ ቡናው እኩል ሆኖ ሳለ አንደኛው ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል። በተመጠጠ ሽንት ውስጥ «ትሬስ» ወይም አንድ መደመር ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም፤ ውሃ ጠጥቶ፣ ዐርፎ፣ በማግስቱ ጠዋት ሲደገም ሊጠፋ ይችላል። ክብደቱ 1.005 በሆነ ቀጭን ሽንት ውስጥ የተገኘ አንድ መደመር ግን ቸል የሚባል አይደለም፤ በብዙ ውሃ ተበርዞም ታይቷልና። ትኩሳት፣ ከባድ ሥራና ረጅም የእግር ጉዞም ለጊዜው ፕሮቲን ያሳያሉ። ግመሉን ነድቶ ከሩቅ የመጣ አርብቶ አደር እንደደረሰ ሽንት ሲሰጥ ይህ መታሰብ አለበት።

ስትሪፑ ራሱ ታሪክ ያለው ነገር ነው። በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መውጣቱን ከኩላሊት በሽታ ጋር ያስተሳሰረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ነው፤ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመ ሲሆን ዘዴው ሽንቱን በእሳት አሙቆ መርጋቱን ማየት ነበር። ስኳርን ለማወቅ ደግሞ ሽንት ቤኔዲክት ከሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ይፈላ ነበር፤ ስኳር ካለ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛም ወደ ጡብ ቀይ ይዞራል። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ኬሚስቶች አልፍሬድና ሄለን ፍሪ «ክሊኒስቲክስ» የተባለውን፣ ነክሮ የሚነበብ የስኳር ስትሪፕ ለገበያ ያበቁት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ዛሬ በአንዲት ቀጭን ፕላስቲክ ላይ አሥር መመርመሪያዎች ይደረደራሉ፤ መብራት በሚጠፋበት፣ ማይክሮስኮፕ በተበላሸበት ጤና ጣቢያም ይሠራሉ። ለገጠር ሕክምና ትልቅ በረከት ነው።

በረከቱ ግን ሰዓት ይፈልጋል። ስትሪፑን አጠገብ ሆነን እንየው። ባለሙያው አንዱን አውጥቶ ክዳኑን ወዲያው ይዘጋል። ስትሪፑን ሽንቱ ውስጥ ነክሮ ያወጣል፤ ጠርዙን በሶፍት ነካ አድርጎ ትርፉን ያስመጥጥና አጋድሞ ይይዘዋል፤ አቁሞ ቢይዘው ያንዱ መመርመሪያ ኬሚካል ወደ ሌላው ይፈስሳል። ከዚያ ሰዓቱን ያያል። በብዙዎቹ ስትሪፖች ላይ ስኳርና ቢሊሩቢን በ30 ሰከንድ፣ ኪቶን በ40፣ ስፔሲፊክ ግራቪቲ በ45፣ ደም፣ ፕሮቲንና ናይትራይት በ60 ሰከንድ፣ ነጭ የደም ሴልን የሚያሳየው ደግሞ በ2 ደቂቃ ይነበባል። ወረፋ ሲበዛ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነበባል። ቶሎ ከተነበበ ነጭ የደም ሴሉ ያመልጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ቆይቶ ከተነበበ ደግሞ ቀለሙ ጠልቆ የሌለውን በሽታ ያሳያል።

ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። የስትሪፕ ዕቃ ላይ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይቀመጥ ተጽፏል። በቦርደዴ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቀትሩ ሙቀት ከዚህ እንደሚያልፍ እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ እርጥበት ገብቶ የናይትራይቱ መመርመሪያ ያለ ምክንያት ሮዝ ይሆናል፤ የስኳሩና የነጭ የደም ሴሉ ደግሞ እየደከሙ ይሄዳሉ። ስለዚህ በአንድ ቀን የመጡ ሕመምተኞች ሁሉ ናይትራይት «ፖዘቲቭ» መሆን ከጀመሩ መጀመሪያ የሚመረመረው ዕቃው ነው።

ሽንቱም ይበላሻል። የተሰጠ ሽንት በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ2 ሰዓት ሳያልፍ መታየት አለበት፤ ካልሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ። በሞቀ ክፍል የቆየ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፣ ስኳሩን ይበላዋል፣ ሴሎቹ ይፈራርሳሉ፣ ቢሊሩቢኑን ብርሃን ያጠፋዋል። ጠዋት ቤት ተቀድቶ፣ በባጃጅ ተጭኖ፣ ቀትር ላይ የደረሰ ሽንት ውስጥ «ባክቴሪያ ብዙ» ተብሎ ቢጻፍ ስለ ሕመምተኛው የሚነግረን ነገር እምብዛም የለም።

አሁን ወደ መግል ሴሉ እንመለስ። ለማይክሮስኮፕ ምርመራ 10 ሚሊሊትር ያህል ሽንት በሴንትሪፊዩጅ ለ5 ደቂቃ ይሽከረከራል፤ ላዩ ይደፋና ዝቃጩ በመስታወት ላይ ይታያል። በአንድ እይታ እስከ 5 ድረስ ነጭ የደም ሴል፣ ማለትም መግል ሴል፣ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሽንቱ ጥቂት ከሆነ፣ ካልተሽከረከረ ወይም ላዩ በደንብ ካልተደፋ ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ 6 እና 8 በራሳቸው ፍርድ አይሰጡም።

በሴቶች ዘንድ ሌላ መታየት ያለበት መስመር አለ፦ «ኤፒተልያል ሴል»። ብዙ ከሆነ ናሙናው ከብልት አካባቢ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ መግል ሴሉም፣ ባክቴሪያውም፣ አንዳንዴም ፕሮቲኑ ከዚያው የመጣ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው መድኃኒት ሳይሆን ሌላ ናሙና ነው። ታጥቦ፣ የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሶ፣ መካከለኛውን በጽዋው ተቀብሎ የመጨረሻውን መተው። ውሃ በሌለበት ጉድጓድ መጸዳጃ ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ ጽዋውን አቀብሎ «ሽንት ይዘሽ ነይ» ማለት ብቻ ስለማይበቃ፣ አንድ ጆግ ውሃና በምትሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በሶማሊኛ፣ የአንድ ደቂቃ ማብራሪያ ይገባታል። ለአንድ ላቦራቶሪ ከአዲስ መሣሪያ በፊት ይህ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ናይትራይት ደግሞ ኢ. ኮላይን የመሰሉ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ነው፤ ለዚህም ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት ይኖርበታል። ቶሎ ቶሎ የምትሸና፣ ሽንት የሚያቃጥላት ሴት ናይትራይቷ «ኔጋቲቭ» ቢሆን ኢንፌክሽን የለባትም አይባልም፤ ሽንቱ ፊኛዋ ውስጥ አልቆየም። ናይትራይትና ነጭ የደም ሴል አንድ ላይ ተገኝተው ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት ሲኖር ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ መታከም አለባት። ምንም ሳይሰማው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘበት ሰው በአብዛኛው መድኃኒት አያስፈልገውም። ከዚህ በዋናነት የምትለየው ነፍሰ ጡር ናት፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ወንድ ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል። ቦርደዴ የጭነት መኪና የሚያድርበት መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወጣት አሽከርካሪ ወይም ረዳት ሽንቱ አቃጥሎት መግል ሴል ቢገኝበት ጨብጥና ክላሚዲያ በቅድሚያ ይታሰባሉ። ጥያቄው በአክብሮትና በር ተዘግቶ ይጠየቅ፤ የትዳር ጓደኛውም አብራ ካልታከመች ሕመሙ ይመለሳል። ለወራት የዘለቀ፣ በተደጋጋሚ አንቲባዮቲክ ያልጠፋ፣ በካልቸርም ባክቴሪያ ያልተገኘበት መግል ሴል ደግሞ የሽንት አካላት ቲቢ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛና አራተኛ ዙር ሲፕሮ ከማዘዝ ይልቅ ይህን መመርመር ይገባል።

በቆላ ብዙ ሰው ካለ ምክንያት የሚደነግጥበት መስመር «ካልሲየም ኦክዛሌት ክሪስታል» ነው። «ሽንትህ ውስጥ ጠጠር አለ» ይባላል። የተመጠጠ ሽንት ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ክሪስታል ይሠራል፤ የኩላሊት ጠጠር አለ ማለት አይደለም። ጠጠር የሚጠረጠረው ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ሰውን የሚያንከባልል ሕመም ከደም ጋር ሲመጣ ነው። ሙቀትና የውሃ እጥረት ጠጠርን እንደሚያበረታቱ እውነት ስለሆነ ምክሩ ያው ነው፦ ሽንቱ ፈዘዝ እስኪል ውሃ መጠጣት። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ የፊኛን አንገት ስለሚያጠብቅም ሽንቱ እየዘገየና እየቀጠነ ሊወርድ ይችላል። ይህን በወረቀቱ ላይ አያገኙትም፤ ሐኪሙ ጠይቆ ነው የሚያውቀው።

ደም የተገኘ እንደሆነ ከቦታው ጋር ማያያዝ ግድ ነው። ስትሪፑ የሚያየው የደሙን ቀለም ነው፤ የተጎዳ ጡንቻ የሚያወጣውንም እንደ ደም ይቆጥረዋል፤ የወር አበባም ይገባበታል። ማይክሮስኮፕ ቀይ ሴል መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ከተረጋገጠ ሰውየው የት ሲሠራ ወይም ሲዋኝ እንደነበረ ይጠየቅ። ከቦርደዴ ወደ ሰሜን፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በገዋኔ ረግረጎች የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ ለረጅም ዘመን ይታወቃል። ተሸካሚው በረግረግ ውሃ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ከአዋሽ እርሻ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ወይም በዚያ በኩል ከብት ያጠጣ ልጅ ሽንቱ መጨረሻ ላይ ደም ሲያይ መጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ነው። እንቁላሉ ጫፉ ላይ እሾህ አለው፤ በብዙ የሚወጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ በማለዳ የተሰጠ ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። ልጁን ትንሽ አስሮጦ በዚህ ሰዓት ማሸናት ውጤቱን ይለውጣል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ የሚዋጥ። ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ ሰው ያለ ምንም ሕመም ቀይ ሽንት ካየ ግን የፊኛ ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጉዳዩ አይዘጋም፤ ወደ ጭሮ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል መላክ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ሽንት ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል፤ ይህ ደም አይደለም፤ ቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ስኳርና ኪቶን አንድ ላይ ይነበባሉ። ስኳር ሽንት ውስጥ የሚታየው በአብዛኛው በደም ውስጥ በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ሲያልፍ ነው። ስለዚህ የሽንቱ «ኔጋቲቭ» የስኳር በሽታ የለም ማለት አይደለም፤ «ፖዘቲቩም» በደም ምርመራ ይረጋገጣል። ኪቶን ብቻውን ሲገኝ ደግሞ ሰውየው አልበላም ማለት ሊሆን ይችላል። በረመዳን ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ጾመኛ፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው፣ የሚያስመልሳት ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም ኪቶን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ሽንታቸውም የተመጠጠ ነው። ባለሙያው «ጾም ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ስኳርና ኪቶን አብረው በብዛት ከታዩ ግን፣ በተለይ በከሳና ውሃ ጥም በያዘው ልጅ፣ ለነገ የማይባል ድንገተኛ ሕመም ነው።

ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ጋ ቢሊሩቢን ከተገኘ ጉበትን ወይም የሐሞት ቧንቧን ያመለክታል። ወባ ደም ሲሰብር ግን ቢሊሩቢኑ ላይታይ፣ ዩሮቢሊኖጅኑ ሊጨምር ይችላል። ወባ ባለበት አገር ይህ ልዩነት ጠቃሚ ነው።

አሁን ነፍሰ ጡሯ ጋ እንድረስ፤ የሽንት ምርመራ በርግጥ ሕይወት የሚያተርፈው እሷ ጋ ነው። ከ20 ሳምንት በኋላ የደም ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሽንቷ ፕሮቲን ካሳየ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው። ይህ ሕመም ሊያንቀጠቅጣት፣ ራሷንም ልጇንም ሊገድል ይችላል። እሷ ጋ አንድ መደመር ፕሮቲን «ሙቀት ነው» ተብሎ አይታለፍም። ናሙናው ንጹሕ መሆኑ ይታይ፣ ይደገም፣ ግፊቷ ይለካ። በሌላ በኩል ፕሮቲን ባይኖርም ግፊቷ ከፍ ብሎ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ ወይም ከጡቷ በታች የላይኛው ሆዷ ላይ ሕመም ካለ «ሽንትሽ ደህና ነው» ብሎ መመለስ አደገኛ ስሕተት ነው። ማግኒዥየም ሰልፌት ጀምሮ ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል። ምንም ሳይሰማት በሽንቷ ባክቴሪያ የተገኘ እንደሆነም ትታከማለች፤ ካልታከመች ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ምጧንም ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል። የሚሰጣት መድኃኒት ግን ለእርግዝና የሚስማማ ይሁን፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለነፍሰ ጡር በቅድሚያ የሚመረጥ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው በእርግዝና ዘመን 8 ጊዜ ክትትል እንዲደረግ ነው። በቦርደዴ፣ በሚኤሶ ወይም በአሰቦት ያሉ ነፍሰ ጡር ከሆኑ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ነገር እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፦ ግፊትዎ ይለካ፣ ሽንትዎ ይታይ። የቆዩ የውጤት ወረቀቶችዎን አይጣሉ፤ ፕሮቲኑ ዛሬ የመጣ ነው ወይስ የቆየ የሚለውን ጭሮ ላለው ሐኪም የሚያስረዱት እነሱ ናቸው። ራስ ምታት ወይም ብዥታ ከጀመረዎ ቀጠሮዎን አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። ባለቤትዎም ይህን ያንብቡ፤ የመኪናውን ገንዘብ ከወዲሁ ያዘጋጁ።